ከዐጸድ እስከ መቅደስ ግድግዳ፦ አበባና ሥዕል በመንዝ ምድር

መስከረም በጠባ በመጀመሪያው ማለዳ፣ ቄጤማው በወለሉ ላይ ገና ሳይጠወልግ፣ የየቤታችንን ደጃፍ ቀድመው የሚያንኳኩት ሕፃናት ናቸው። ልጃገረዶቹ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው እያዜሙ ይመጣሉ። ወንዶቹ ደግሞ በእጃቸው የሣሉትን ወረቀት ያበረክታሉ። በወረቀቱ ላይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ ይታያል። የቤቱ ባለቤት ሥዕሉን ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሳንቲም ወይም ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይሰጣል። ወረቀቱም በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዓመቱን ይከርማል።

ስለ አገራችን ሥዕል በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ይህ የሕፃናት ሥዕል እምብዛም ቦታ አይሰጠውም። ይሁን እንጂ በዓመት አንድ ቀን በየመንደሩ የሚዞር፣ በሀብታምም በድኻም ቤት እኩል የሚሰቀል ዐውደ ርእይ ቢኖር ይኸው ብቻ ነው። ዛሬ ዛሬ ከየሱቁ የታተመ ሥዕል ገዝተው የሚያዞሩ ልጆች እየበዙ መምጣታቸው እሙን ነው። የታተመው ወረቀት ያማረ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጁ አበባውን ለማየት ወደ ሜዳ አልወጣም። ለዚህ በዓል ስለ አበባና ስለ ሥዕል ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በመንዝ ደጋ ነው። በልጅነታችን ዘመን በመንደራችን የቀለም እርሳስ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ጥቁሩን ከምጣድ ሥር ከተፋቀ ጥላሸት፣ አረንጓዴውን በወረቀት ላይ ካሸነው የባቄላ ቅጠል እናገኝ ነበር። ቢጫውን ግን እኔ በራሴ ብልሃት ለማውጣት ወሰንሁ። አንድ እቅፍ አደይ አበባ ለቅሜ በቆርቆሮ ጣሳ ቀቀልሁት። ውኃው ወርቅ መሰለ። በዚያ ውኃ የሣልሁት አበባ በእንቁጣጣሽ ዕለት ከጓደኞቼ ሥዕል ሁሉ በልጦ ታየ። አንዱን ለጎረቤት ሰጥቼ ሌላውን በእናቴ ቤት ምሰሶ አጠገብ ለጠፍሁት። ጥምቀት ሳይደርስ ግን ቢጫው ጠፍቶ እንደ ገለባ ገረጣ።

ሥዕሉን ይዤ ወደ ፊደል አስተማሪዬ ሄድሁ። የኔታ ብራና የሚፍቁ፣ መጻሕፍት የሚገለብጡ፣ ሲታዘዙም ሥዕል የሚሥሉ ነበሩ።

«የኔታ፣ አበባዬ ሞተብኝ» አልኋቸው።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩትና ሳቁ። «ምን አድርገኸው ነው?»

«ቀቀልሁት።»

«አበባ አይቀቀልም፣ ልጄ። አበባውን እየው። ቀለም ከፈለግህ መሬት ቆፍር።» ይህን ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ካለው ገደል ሥር ወሰዱኝና ቢጫ አፈር አሳዩኝ። ሲመለሱም፣ «መስከረም ሲመጣ አንዲት አበባ ይዘህ ተቀመጥ። ቅጠሏ ከግንዷ በስንት በኩል እንደሚወጣ ሳትቆጥር ብርዕ እንዳታነሣ» ብለው አዘዙኝ። በሚቀጥለው መስከረም ቆጠርሁ። የአደይ አበባ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ በየዓመቱ አንድ በአንድ እያፈራረቅሁ ነበር የምሥለው።

የኔታ በገደሉ ሥር የነገሩኝን ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ አገኘሁት። በሕዝባችን ዘንድ የጥንት ሥዕሎቻችን ቀለም ከአበባና ከቅጠል የተጨመቀ ነው የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። በብራና መጻሕፍትና በገበታ ሥዕሎች ላይ የተደረጉ የኬሚስትሪ ምርመራዎች ግን አብዛኛው ቀለም የማዕድን ዘር መሆኑን አረጋግጠዋል። ቀዩ ሜርኩሪና ድኝ ከተዋሐዱበት ማዕድን ወይም ከቀይ አፈር ነው። ደማቁ ቢጫ አርሴኒክና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን ነው። ጥቁሩ ከሰልና ጥላሸት ነው። ከእነዚህም መካከል ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ የመጡ አሉ። አነጋገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ከዕፅ የሚገኘው ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ በብዙ ሥራዎች ላይ ተገኝቷል። የጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለምም ጥላሸቱ ከተቆላ እህል ጋር ተወቅጦና ተዘፍዝፎ ለወራት ከቆየ በኋላ የሚወጣ ነው። በጠቅላላው ሲታይ ግን ጥንታዊው ሠዓሊ አበባው እንደሚረግፍ ያውቅ ስለ ነበር እንዲቆይለት የፈለገውን ነገር ለአበባው ውኃ አላስረከበም።

እንግዲህ ቀለሙን ከመሬት ካወጣ፣ ከአትክልቱ ቦታ የወሰደው ምንድን ነው?

በግእዝ ገነት ማለት የተከለለ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰው መኖሪያም በዚሁ ስም ይጠራል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ለገነት የሚጠቀሙበት «ፓራዲስ» የሚለው ቃልም ከጥንታዊ የፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ በቅጥር የተከበበ ቦታ ማለት ነው። ሊቃውንቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ በዕለተ ሠሉስ የተፈጠሩትን በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፀዋት። ሙሉ መልኩን ጠብቆ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በገነት ሰባት ዓመት እየሠራና እየጠበቀ እንደ ኖረ ይተርካል። የሰው ልጅ የመጀመሪያ ሙያ አትክልተኝነት ነበር ማለት ነው። በትንሣኤ ማለዳም መግደላዊት ማርያም ጌታዋን ባየችው ጊዜ የመሰላት የአትክልቱ ቦታ ጠባቂ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አስተሳሰብ ውስጥ ያለ ሠዓሊ ዛፍ ሲሥል ይህ ሁሉ ከበስተ ጀርባው ቆሞ ይጠብቀዋል። ዛፉ ክፍት ቦታ መሙያ አይደለም።

ይህንም በመጽሐፎቻችን ገጽ ላይ እናየዋለን። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በራዲዮ ካርበን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ተገምቷል። በእነርሱም የቀመር ሠንጠረዦች ዙሪያ ወፎችና ዕፀዋት ተሥለዋል። ከዚያ በኋላ በመጡት የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ «ሐረግ» ይባላል። ስሙን ያገኘው በአጥርና በዛፍ ላይ እየተጠማዘዘ ከሚወጣው ተክል ነው። ጸሐፊው አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር ሐረግ ሲሥል፣ አንባቢው ወደ ቃሉ የሚገባው በአትክልት በር አልፎ ነው።

ወደ ሸዋ ስንመጣ አፄ ዘርዐ ያዕቆብን (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) እናገኛለን። ንጉሡ በመጨረሻዎቹ የንግሥና ዓመታቸው የተቀመጡት ከመንዝ ብዙም በማይርቀው በደብረ ብርሃን ነው። የእመቤታችን ክብረ በዓላት በስፋት የተደነገጉት በእርሳቸው ዘመን መሆኑ ይታወቃል። በዚያው ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ አስፍሯል። የእርሱን ሥዕሎች ከሌሎች የሚለያቸው አንዱ ነገር እመቤታችን በእጇ አበባ ያላት ቅርንጫፍ ይዛ መታየቷ ነው። ይህን ሥዕል ያየ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ወርኃ ጽጌን ሳያስታውስ አያልፍም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ካህናቱ በማኅሌተ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት ሲያስቡ፣ እርሷን ከእሴይ ሥር ለወጣችው ተክል፣ ልጇን ለአበባው እየመሰሉ ያመሰግናሉ። አገሩ በአበባ በሚሸፈንበት ወር የስደት መታሰቢያ መደረጉን ልብ ይሏል። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

በመንዝ የአበባ አትክልት ፈልጎ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ቅር ይለው ይሆናል። መሬቱ ከፍተኛ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ውርጩ አትራፊ አይደለም። በድንጋይ ካብ በታጠረው ጓሮ የሚገኘው ጎመን፣ ሽንኩርት፣ በአንድ ጥግ ደግሞ ጤና አዳም ነው። ወደ መርሐቤቴ ወርዶ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ የተጠጋ ሰው ሙቀት ወዳድ ፍራፍሬ ያገኛል። በመንዝና በግሼ ደጋ ግን ሰው ለዓይኑ ደስታ ብሎ አበባ የሚኮተኩትበት ጊዜም ውኃም የለውም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1883 እ.ኤ.አ. ዢቨርኒ በምትባል መንደር ተቀምጦ፣ ኩሬ ቆፍሮ፣ የውኃ አበባ ተክሎ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ በ1926 እ.ኤ.አ. ድረስ የተከለውን ሲሥል ኖረ። የእኛ አገር ሠዓሊ ሊሥለው ብሎ የተከለው አትክልት የለውም። አባቶች ለጸሎት ብለው በጠበቁት ዛፍ ጥላ ሥር ግን ተቀምጦ ሠርቷል።

ያ ዛፍ ያለው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። በመንዝ ኮረብታ ላይ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ነገር ካለ ታቦት ያለበት ነው ብሎ መገመት አያሳስትም። ጽዱና ወይራው ለዘመናት ቆሟል። ኮሶው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላውን ወደ ታች ያንጠለጥላል። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በሥሩ ይሰበሰባል፤ ሕፃኑ በሥሩ ፊደል ይቆጥራል፤ ሙታን በሥሩ ያርፋሉ። የኔታም ብርዓቸውን የሚቀርጹት በአንድ ወይራ ሥር ነበር።

ከዐጸዱ ውጭ ሌላ አንድ ገነት አለን፤ አጥር የሌለው። እርሱም ጓሳ ነው። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ይህ ከፍተኛ ሜዳ ከ3200 ሜትር በላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው እንደ ኖረ ይነገራል። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። የጾመ ሐዋርያት ፍቺ በሚሆንበት በሐምሌ 5 ቀን ደግሞ መልሶ ይዘጋ ነበር። የጓሳ ሣር የመኖሪያ ቤትና የቤተ ክርስቲያን ክዳን፣ ገመድ፣ መኝታም ሆኖ ሕዝቡን አገልግሏል። ይህ ጥንታዊ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደ ገና አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ አሉ። ፋርሶች ለገነት ቅጥር ካስፈለገው የመንዝ ሰው ቅጥሩን ከቃል ሠርቶታል ብዬ አስባለሁ።

በጓሳ ላይ ጅብራ ይበቅላል። ጅብራን ያላየ አንባቢ ሰፋፊና ሹል ቅጠሎቹን እንደ ዘውድ የደፋ፣ ለብዙ ዓመታት በዝምታ የሚቆም ተክል አድርጎ ያስበው። ቀኑ ሲደርስ ከመካከሉ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዓምድ ያወጣል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ስለ ጅብራ ይህን ያህል የተናገርሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

በወጣትነቴ ባገለገልሁበት አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተሥሎ የተለጠፈ የእመቤታችን የስደት ሥዕል ነበር። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ተቀምጣለች፤ ዮሴፍ ይመራል፤ ሰሎሜ ትከተላለች። ሠዓሊው ማን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። በመንገዱ ዳር የግብፅ በረሃ ዛፍ ይሆናል ብለን በምንጠብቅበት ቦታ ሦስት ጅብራዎች ቆመው ነበር። በአህያይቱ እግር ሥር ደግሞ እንደ ጓሳ ሣር እቅፍ እቅፍ ሆኖ የበቀለ ቢጫማ ሣር ይታይ ነበር። ሁለቱ ጅብራዎች ቅጠል ብቻ ናቸው። ሦስተኛው፣ ለሕፃኑ የቀረበው፣ አብቧል።

እኔ ያን ጊዜ ከመንፈሳዊ ኮሌጅ ተመርቄ የተመለስሁ ወጣት ነበርሁ፤ የተማርሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማሳየት እቸኩል ነበር። ጣሪያው አፍስሶ የጨርቁ ጠርዝ ስለ ተላጠ የሰበካ ጉባኤው ሥዕሉ ይጠገን ወይስ ይለወጥ ብሎ ሲመክር ሐሳቤን ተጠየቅሁ። በግብፅ ጅብራ አይበቅልም፣ ሠዓሊው ተሳስቷል፣ ምእመናንን ያሳስታል ብዬ ተናገርሁ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ኧረ እኛ በእርሱ ነው ስደቱን ያወቅነው» ሲሉ ሰማሁ። ነገራቸውን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ጨርቁ ወረደ። በምትኩ ከከተማ የተገዛ የታተመ ሥዕል በመስተዋት ተሰቀለ። በእርሱ ላይ የተምር ዛፍ አለ፤ ግመል አለ፤ ከሩቅ ፒራሚድም ይታያል። ስሕተት የለበትም። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ሥዕል ፊት ቆሞ ለልጁ በጣቱ እያሳየ የሚተርክ አባት አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ የወርኃ ጽጌን ትምህርት ለሕፃናት ሳዘጋጅ አንድ የዘነጋሁት ነገር ትዝ አለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የእመቤታችን ስደት በግብፅ ብቻ አያበቃም፤ ወደ ኢትዮጵያም መጥታለች፣ በጣና ቂርቆስም ተቀምጣለች ተብሎ ይተረካል። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። በጉባኤው ፊት ስቆም ግን ትዝ ያለኝ የጂኦግራፊ መጽሐፌ ነው። ያ ስሙ ያልታወቀ ሠዓሊ እመቤታችንን በጅብራ መካከል ያሳለፋት ግብፅን ስላላወቀ ነው ወይስ በአገሩ ማለፏን ስላመነ? ለረጅም ዘመን ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብበውን ተክል ለሕፃኑ ማቅረቡስ እንዲያው ሆነ? እርሱን መጠየቅ አይቻልም። እኔ ግን ከጓሳ ጫፍ ሆኖ ጅብራን ሳያይ ያደገ ሰው ያንን ሥዕል ሊሥለው እንደማይችል እርግጠኛ ነኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያነሣው የሚችል ጥያቄ አለ። ቅዱሳት ሥዕላት ሥርዓት አላቸው፤ እያንዳንዱ ሠዓሊ የጓሮውን ተክል እያመጣ በላያቸው ላይ ቢያስገባ ሥርዓቱ አይፈርስምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። የቅዱሳን መልክ፣ የእጃቸው ምልክት፣ ልብሳቸውና አቀማመጣቸው ከአባቶች የተወረሰ ስለሆነ ሠዓሊው እንደ ፈቀደ አይለውጠውም። ቅዱሳኑ የቆሙበት መሬት ግን የተመልካቹ መሬት ቢሆን ምሥጢሩ አይጎድልም። የሌላ አገር ሠዓሊዎችም ቤተ ልሔምን በየአገራቸው ተራራና በረዶ መካከል ሥለዋታል፤ ይህንም እንደ ስሕተት የቆጠረባቸው የለም። እንግዲህ መጠንቀቅ ያለብን አበባው ቅዱሱን እንዳይጋርደው ነው።

ከዚሁ አውራጃ የተነሣ አንድ ታላቅ ሰውም ልጥቀስ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት ለማዕድን ምሕንድስና ትምህርት ሲሆን፣ እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበሉና በለንደን የታወቀውን የስሌድ ትምህርት ቤት ገቡ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስተዋት ሥዕላቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ሥራቸው አለ። በ2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ብዙ አገር ዞረዋል፤ ብዙ ሽልማት ተቀብለዋል። ከታወቁት ሥዕሎቻቸው መካከል ግን አንዱ «የመስቀል አበባ» የሚል ስም አለው። የዓለምን ሙዚየሞች የተመለከተ ሰው በልጅነቱ በአንኮበር አፋፍ ወዳየው ቢጫ አበባ መመለሱ ለእኔ አያስገርመኝም። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላምም ከሰላሌ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በቤታቸው የነበረ ሰው ናቸው። ሁለቱም ወደ ውጭ አገር ከመሄዳቸው በፊት ዓይናቸው የተማረው በደጋው ነው።

የአሁኑ ስጋት ከሥዕሉ ይልቅ የአትክልቱ ነው። ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጠቅሞናል፤ በብዙ ዐጸዶች ግን የጽዱንና የወይራውን ቦታ ይዟል። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ዛፍ ይቆረጣል፤ መሬቱ ሲሚንቶ ይለብሳል። ሁሉም ለበጎ ታስቦ ነው፤ ምእመናን ገንዘባቸውን የሚሰጡት ከልብ ነው። በብዙ አንባቢ ዘንድ መንዝን «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ያስታወሱት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርተዋል። ካቡ ከብት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ችግኙም ከእግር ተርፎ ያድጋል። ዘዴው ቀላል ነው። የድንጋይ ካብ ደግሞ መንዝን ማንም ሊያስተምረው የማይገባ ሙያ ነው።

የየሰበካው ሰዎች በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ተሰብስበው የዐጸዳቸውን ዛፎች ቢቆጥሩና የትኛው በማን ጊዜ እንደ ተተከለ ቢጽፉ መልካም ይመስለኛል። ወላጆችም ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ልጆቻቸው ሥዕሉን ከሱቅ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ይዘዋቸው ቢወጡ ብዙ አያስወጣቸውም። እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ቅጠሉን ይቁጠሩ።

የዚያን ጨርቅ ነገር ሳልጨርስ እንዳላቆም። ባለፈው ዓመት በጽጌ ወራት ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ጨርቁ ተጥሏል ብዬ ስለማምን ለመጠየቅ እንኳ አፍሬ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋው መሪጌታ ግን ጨርቁን በወረደበት ዕለት ጠቅልለው ዕቃ ቤት አስገብተውት ኖሯል። ለማንም አልተናገሩም። በሁለት ዘንግ ላይ እንደ ተጠቀለለ አወጡትና ከኮሶው ሥር በቁርበት ላይ ዘረጋነው። የዮሴፍን ፊትና የአህያይቱን የኋላ እግር አይጥ በልቶታል። የሰሎሜ ልብስ በውኃ ተዥጎርጉሯል። ጅብራዎቹ ሦስቱም አሉ፤ የሦስተኛው አበባ ከታች እስከ ላይ ሙሉ ነው።

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያ በበትራቸው ጫፍ ሳይነኩት እያመለከቱ፣ «ዲያቆን፣ ስሕተት ናት ያልካት ይቺ ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን፣ መሪጌታ» አልኋቸው። የዘንጉን አንድ ጫፍ ያዝሁና መልሰን በቀስታ ጠቀለልነው። ጉባኤው ጥገናውን የሚመለከት ሰው ለማፈላለግ ተስማምቷል፤ እስከዚያው ግን ጨርቁ በመሪጌታ ቤት፣ አይጥ በማይደርስበት ቆጥ ላይ ተቀምጧል።